ሻምበሉን ያሳደድንበት ቀን

ሌላው ሰው ወደ ህንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ወደ ታር በረሃ ሲመደብ የውሃ ኮዳ ይዞ ይመጣል። አዲሱ አዛዣችን ሻምበል ኩሻላፓ ግን ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ከጭነት መኪናው ወረደ። የመጣው ከደቡብ፣ ከኩርግ ነው፤ ዝናብ ከገባ አልወጣም ከሚልበት ተራራማ አገር። እኛ ዘንድ ደግሞ ዝናብ ምን እንደሚመስል ሳያይ ለትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ ሞልቷል።

ጃንጥላውን እንዳየሁ ምላሴን በላኝ። ሙራርዳን እባላለሁ፤ ቻራን ነኝ። ዘሮቼ የዚህን አገር ተዋጊ ሕዝብ፣ የራጅፑቶችን ጀግና በግጥም ሲያነግሡ፣ ቦቅቧቃውን በግጥም ሲቀብሩ የኖሩ ናቸው። እንደማንኛውም ወታደር ጠመንጃ ተሸክሜያለሁ፤ ሰው የሚፈራው ግን ጠመንጃዬን አይደለም። የዚያን ዕለት እራት ላይ፣ ደመና ጠፍቶበት በረሃ ለበረሃ ስለሚንከራተት ባለጃንጥላ ሁለት ስንኝ ጣል አደረግሁ። ጦሩ በሳቅ ፈረሰ። ሻምበሉ ቋንቋችንን ገና አልለመደም ነበርና ተርጉሙልኝ አለ፤ እየተሳቀቁ ተረጎሙለት። ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ሲጨርስም ሁለተኛው ስንኝ ከመጀመሪያው ይሻላል ብሎ አስተያየት ሰጠኝ። ልክ ነበር፤ ያበሸቀኝም ልክ መሆኑ ነው።

ጦራችን ግማሹ ቻውሃን፣ ግማሹ ራቶር ነው። ሁለቱ የራጅፑት ጎሳዎች በአምላክም በምግብም ይስማማሉ። የማይስማሙት ማን ይቅደም በሚለው ብቻ ነው። በጦርነት ፊት የመሰለፍ መብት ከጥንት ከጠዋቱ የእኛ ነው ይላል ቻውሃኑ፤ ቅዠትህን ተው፣ የእኛ ነው ይላል ራቶሩ። ነገሩ በማሃራጃዎቹ ዘመን አልተፈታም፤ እንግሊዝ መጥቶ ሄዶም አልተፈታም። ስለዚህ ሻይ ለመቅዳት ስንሰለፍ ይነሳል፤ ሽንት ቤት ስንሰለፍም ይነሳል። የቻውሃኖቹ አለቃ ባሻ ዱርጃን ሲንግ ጢሙን እስከ ጆሮው ድረስ የጠመዘዘ፣ ሲቀመጥ እንኳ የቆመ የሚመስል ሰው ነው። የራቶሮቹ አለቃ ባሻ ኢስር ሲንግ ጢሙ አጠር ቢልም በድምፁ ያካክሰዋል።

ሻምበሉ የሻዩን ጠብ በመጣ በሳምንቱ አበረደው። ሁለት ማንቆርቆሪያ አስጣደና ለሁለቱም ባንድ ጊዜ አስቀዳ። ራቶሮቹ የእኛው ቀድሞ ፈልቷል እያሉ ዛሬም ያወራሉ፤ ቢሆንም ያን ያህል ሰላም በዚያ ጦር ውስጥ ታይቶ አያውቅም ነበር።

እንድንጠብቀው የተሰጠን ቦታ የሞቲ ጉድጓድ ይባላል። ከፓኪስታን ድንበር ለሚመጣ ጦር ከዚያ ወዲህ እስከ ከተማው ድረስ ሌላ ውሃ የለም። ትእዛዙ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ጉድጓዱን ያዙ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንዳትሉ። ከጉድጓዱ ፊት ለፊትና በግራ በቀኙ መሬቱ ጠንካራ ነው፤ ታንክ እንደ ልቡ ይጋልብበታል። ከኋላችን ሰፊ የጨው ሜዳ ተዘርግቷል። ከጨው ሜዳው ማዶ የአሸዋ ኮረብታ አለ። ሻምበሉ ያሉንን ሁለት ፀረ ታንክ መድፎች ወስዶ እዚያ ማዶ ኮረብታው ላይ አስጠመዳቸው። ባሻ ዱርጃን ቅር አለው። መድፍ እንደ ሙሽራ ጓዳ ይደበቃል ወይ ብሎ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ሲያጉረመርም ሰነበተ።

ሻምበሉ አመሻሽ ላይ ብቻውን ጨው ሜዳው ውስጥ ገብቶ መሬቱን በጃንጥላው ጫፍ እየወጋ ይመላለሳል። አንዳንዴ ቆሞ ይዘላል። በጤናው አልመሰለንም። አንድ ቀን ከመንደር ግመል ተከራይቶ ጭነት ጭኖ አስገባው፤ ሰው የሚራመድበት ቅርፊት ግመሉን አልችል ብሎ እስከ ሆዱ ዋጠው። ስንጎትት ውለን አወጣነው። ባለቤቱ የሰደበንን ስድብ በግጥም ብለውጠው ዝነኛ እሆን ነበር።

ጦርነቱ የተጀመረው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ከአሸዋው ከፍ ስትል ታንኮቹ በአድማሱ ላይ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው እግረኛ የጫኑ መኪኖች ይከተላሉ። ሻምበሉ በሬዲዮ አውሮፕላን ጠየቀ። አውሮፕላኖቹ ሌላ ግንባር ላይ ተይዘዋል፣ ከቀትር በፊት አትጠብቁ፣ ጉድጓዱን ግን እንዳትለቁ አሉት። ሬዲዮውን መለሰና፣ በጣም ደስ ብሏቸዋል፣ ሰላም ብለዋችኋል አለን።

የመጀመሪያውን ጥቃት በመትረየስ መለስነው። ሻምበሉ ጃንጥላውን እንደ አስተማሪ ዱላ ይዞ፣ እዚያ ጋ፣ ከቁጥቋጦው ግራ፣ እያለ ከምሽግ ምሽግ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጎንበስ ይበሉ ሳሂብ እያልን ብንጮህም የሚሰማ አልሆነም። ጥይት ጃንጥላውን በሳው። ዘርግቶ በቀዳዳው ሰማዩን አየና፣ ከእንግዲህ ዝናብ ያስገባል አለ። ከመትረየሱ ጀርባ የነበሩት ልጆች እየሳቁ ተኮሱ። ሁለት ሰው ግን ወደቀብን፤ አንዱ ከእኔ ጎን ነበር፣ ስሙ ባይሩ። ሻምበሉ የባይሩን ዓይን በእጁ ከደነና ለትንሽ ጊዜ አጠገቡ ተንበርክኮ ቆየ። ሲነሳ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ታንኮቹ ፊት ለፊት መምጣቱ እንደማያዋጣ ገብቷቸው ኖሮ ለሁለት ተከፈሉ። በግራና በቀኝ ጠንካራውን መሬት ይዘው ሊዞሩን ነው። አንዴ ከዞሩን እንደ ከብት በረት ውስጥ ዘግተው ነው የሚጨርሱን። ሻምበሉ ሁለቱን ባሻዎች ወደ እኔ ምሽግ ጠራቸው፤ ሬዲዮው እዚያ ስለነበር ነው እንጂ እኔን ፈልጎ አይደለም።

"ከሁለታችሁ ማን ይቀድማል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"እኛ!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"ወደኋላ ነው" አለ ሻምበሉ።

የተነፋው ደረት ተነፈሰ። ከዚያ ባሻ ዱርጃን ጉሮሮውን ጠረገ። "ሳሂብ፣ እውነቱን ለመናገር ራቶሮች ታላላቆቻችን ናቸው። ይቅደሙ።"

"ኧረ በፍጹም!" አለ ባሻ ኢስር። "የቻውሃኖችን መብት ማን ደፍሮ ይነካል? እስከ ዛሬ ያስቸገርናቸው እኛ ነን።"

ሻምበሉ ሐሳቡን አስረዳቸው። ሁላችንም ከጉድጓዱ ወጥተን በጠላት ዓይን ፊት በጨው ሜዳው ላይ እንሮጣለን። ታንኮቹ መዞሩን ትተው በቀጥታ ይከተሉናል። ጨው ሜዳው ሰውን ይሸከማል፣ ታንክን አይሸከምም። ማዶ ያሉት መድፎች የቀረውን ይሠራሉ። ቆይተን ከተከበብን ግን ሁላችንም እናልቃለን፣ ጉድጓዱም ይሄዳል። እቅዱ ማለፊያ ነበር፤ ባሻዎቹም ማለፊያ ነው አሉ። ሌላ ሰው ያድርገው እንጂ።

"ሳሂብ፣ ሙቱ ካሉን አሁን እንሞታለን" አለ ባሻ ዱርጃን፤ ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር። "ሽሹ ግን አይበሉን። የሸሸ ወንድ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በሯን አትከፍትለትም። ይሄ ደግሞ አለ።" በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "የዚህ ሰውዬ ግጥም ከእኛ ቀድሞ ነው ቤታችን የሚገባው።"

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። "ሙራርዳን፣ እናንተ ዘንድ የሚሸሽን ሰው ተከትሎ የሚሮጥ ምን ይባላል?"

"አሳዳጅ ይባላል ሳሂብ።"

"ነውር አለው?"

"ምን ነውር አለው፤ ይወደስበታል እንጂ።"

"ደህና። እንግዲያው ስሙኝ። አዛዣችሁ አሁን ፈርቶ ሊሮጥ ነው። አዛዡ ጥሎ ሲሮጥ ወታደር ምን ያደርጋል?"

ባሻዎቹ ተያዩ። የዱርጃን ጢም መነቃነቅ ጀመረ። "ተከትሎ ይይዘዋል። ይዞም ይመልሰዋል።"

"በየት በኩል?"

"ያው በሮጠበት በኩል ነዋ።"

"ፊት ሆኖ የሚያሳድደው ማን ነው?" አለ ባሻ ኢስር ቶሎ ብሎ። ዱርጃን ይህማ ምኑ ይጠየቃል፣ ቻውሃን ነው አለ። ታንክ እየከበበን ሁለቱ ተፋጠጡ።

ሻምበሉ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። አሁን የሚቀልድ አይመስልም ነበር። "ነገ ማንም ቢጠይቀኝ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ ልትመልሱኝ ነው የተከተላችሁኝ። ቃሌ ነው። ሙራርዳንም ይማል።"

በቻራኖች አምላክ፣ በእናታችን በካርኒ ስም ማልኩ፤ ስለዚህ ነገር ሻምበሉ ካለው ሌላ ከአፌ ላይወጣ። ግን አላስቻለኝም። "የእርስዎስ ስም ሳሂብ?" አልኩት። "ትእዛዙ እኮ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንዳትሉ ነው። አዋርደው ያባርሩዎታል።"

"እኛ አገር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ጎረቤቱን እንኳ አይሰማም" አለኝ። "የአንተ ግጥም እዚያ ድረስ አይደርስም።" ወደድኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አዛዤ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ጃንጥላውን ዘርግቶ ከምሽጉ ዘሎ ወጣ። በራሱ ቋንቋ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ በጨው ሜዳው ላይ ተፈተለከ። በኋላ ምን እያሉ ነበር ብለን ስንጠይቀው እናቱ የአሳማ ሥጋ ወጥ እንዴት እንደምትሠራ ተራ በተራ እየዘረዘረ እንደነበር ነገረን። ሌላ የሚጮህ ነገር አልመጣልኝም አለን።

"ያዙት!" አለ ባሻ ኢስር። ጦሩ ግር ብሎ ተከተለ። ብርድ ልብሱን የጣለ፣ ቁራሽ የቡልቱግ ቂጣውን የበተነ፣ ኡኡ የሚል፣ የሚንከባለል አለ። ወጥ ቤቱ ድስቱን ወርውሮ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ተመልሶ አነሳው። ከሩቅ ላየን ዓለም የፈረሰበት ጦር ነበርን። ከውስጥ ግን የሩጫ ውድድር ነው፤ ራቶሩ ቻውሃኑን በክርኑ ይደቁሰዋል፣ ቻውሃኑ የራቶሩን ቀበቶ ይጎትታል። ጥይት በጆሯችን ሥር እያፏጨ እኔ ራሴ፣ በዘር ከሁለቱም ያልሆንኩት፣ ማን እየመራ እንደሆነ ለማየት አንገቴን አሰግግ ነበር።

ታንኮቹ ቆሙ። አየት አደረጉን። ከዚያ በግራም በቀኝም የነበሩት አፍንጫቸውን ወደ እኛ አዙረው በቀጥታ መጡ።

ሻምበሉ ማዶ ደርሶ ጦሩም ከኋላው ኮረብታው ሥር መግባት ሲጀምር ባሻ ኢስር ሜዳው መሐል ወደቀ። ጥይት ጭኑን ከኋላ በኩል መትቶታል። ተነሳ፣ ወደቀ። የመጀመሪያው ታንክ የሜዳውን ጠርዝ ረግጧል፤ ገና አልሰመጠም። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። ሻምበሉ ዞር ብሎ አየ፤ ጃንጥላውን ጣለና በመጣበት ተመልሶ ሮጠ፣ ወደ ታንኩ አቅጣጫ። መትረየሱ ጨውን ከእግሩ ፊት እያነሳ ይበትነዋል። ባሻ ዱርጃን ምንም ሳይናገር ተከተለው። እኛ ከኮረብታው ሥር ሆነን በያዝነው ሁሉ ተኮስንላቸው። ሻምበሉ ደረሰ፣ ኢስርን ጀርባው ላይ ጫነ፣ ዱርጃን እግሮቹን ደገፈለት፣ ዞሩ።

ሲቃረቡ የባሻ ኢስር ድምፅ ይሰማን ጀመር። የሻምበሉን አንገት ጥርቅም አድርጎ ይዟል። "ዱርጃን፣ አየህ አይደል? ሻምበሉን መጀመሪያ የያዝኳቸው እኔ ነኝ! መስክር!"

"አንተን እኮ ተሸክመውህ ነው" ይላል ዱርጃን እያለከለከ።

"ቢሸከሙኝም ይዣቸዋለሁ!"

ሻምበሉ በሳቅ ጉልበቱ ተልፈሰፈሰና ሦስቱም ተያይዘው ኮረብታው ሥር ወደቁ። በዚያው ቅጽበት የመጀመሪያው ታንክ አፍንጫውን ደፋ። ከኋላው የነበረው ሊያልፈው በጎን ሲወጣ እሱም ሰመጠ። ሌሎቹም በፍጥነታቸው መቆም አቅቷቸው ተከታትለው ገቡ፤ ሰንሰለታቸው ጭቃና ጨው እየረጨ ይሽከረከራል፣ እነሱ ግን ወደ ታች እንጂ ወደ ፊት አይሄዱም። ያን ጊዜ የተደበቁት ሙሽሮቻችን ጓዳቸውን ለቀው ወጡ። መድፎቹ ቀስ ብለው፣ እየመረጡ መቱ። በቀትር አውሮፕላኖቹ ሲደርሱ መኪኖቹ ወደ መጡበት ዞረው ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉድጓዱ ላይ ተመልሰን ውሃ ቀዳን። ባይሩንና ጓደኛውንም እንደ ሃይማኖታችን እዚያው አቃጠልናቸው፤ እንጨት በሌለበት አገር የጥይት ሳጥን ሰባብረን።

በማግስቱ ጄኔራሉ በጂፕ መጡ። ቁስለኞቹ ሳይቀሩ ተሰለፍን፤ ባሻ ኢስር አልቀርም ብሎ በቃሬዛ በሰልፉ ጫፍ ተኝቷል። ወደ ሌላ ግንባር ሲያልፍ ሩጫችንን ከላይ ያየ አብራሪ ተናግሮ ኖሮ፣ ጄኔራሉ የጠየቁት ስለ ታንኮቹ አልነበረም። "ትላንት ከዚህ ጉድጓድ መጀመሪያ የወጣው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አለ ሻምበሉ።

"በማን ትእዛዝ?"

"በማንም። ሮጥኩ። ወታደሮቼ ሊመልሱኝ ተከተሉኝ።"

ጄኔራሉ ጨው ሜዳው ላይ አፍንጫቸውን ደፍተው የቀሩትን ታንኮች አንድ በአንድ ተመለከቱ። ሞኝ ሰው አልነበሩም። ይህ ሁሉ እንዲያው በዕድል የሆነ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ ጌታዬ፣ በዕድል ነው አለ። ሌላ ቢሉት ሌላ አልተናገረም። ያን ጊዜ ጄኔራሉ ወደ እኛ ዞሩ። ትእዛዝ ጥሶ ለብቻው የሮጠ መኮንን ከሆነ ማዕረጉን አውልቆ ዛሬውኑ ከእኔ ጋር ሄዶ ፍርድ ቤት ይቆማል አሉ። ጦሩ ሁሉ አውቆ፣ ተማክሮ ያፈገፈገ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚያውቅ ይናገር።

የሰልፉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። በካርኒ የማለ ቻራን መሐላውን ካፈረሰ ቻራንነቱም አብሮ ይቀራል። ሻምበሉም በዓይኑ ከለከለኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፍቼ ባዶውን ዘጋሁት። ሻምበሉ ትከሻው ላይ ያለውን የማዕረግ ምልክት መፍታት ጀመረ፤ ጣቶቹ በብርዱ ደንዝዘው ቶሎ አልታዘዙለትም።

ባሻ ዱርጃን ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣ።

"ጌታዬ፣ መጀመሪያ የሸሸሁት እኔ ነኝ" አለ። "ዱርጃን ሲንግ፣ የባልዋንት ሲንግ ልጅ፣ ቻውሃን።" ሰው እንዳይሳሳትበት የአባቱንም የጎሳውንም ስም ጨመረ። "ሻምበሉ ከኋላዬ ነበሩ። ተማክረን፣ አውቀን ነው የሸሸነው።" ያ ቃል በእሱ አፍ ሲወጣ መስማት ከበደኝ። ጢሙ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንገቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

 ወዲያው ከቃሬዛው የባሻ ኢስር ድምፅ ተነሳ።

"ይዋሻል ጌታዬ! ፊት የመሆን መብት የራቶር ነው። መጀመሪያ የሸሸሁት እኔ ነኝ፤ ማስረጃም አለኝ። ቁስሌ ከኋላ ነው፣ ይዩት።" ብርድ ልብሱን ገፎ፣ እየቃተተ ወደ ጎኑ ተገለበጠ።

ራጅፑት የጀርባ ቁስሉን ደብቆ ይሞታል እንጂ ለሰው አያሳይም። ጄኔራሉም ይህን ያውቃሉ። ፋሻውን ለአፍታ ተመለከቱና ወደ ሻምበሉ ዞሩ። "ከሁለቱ ማንን ልመን?"

 ሻምበሉ ሁለቱን ባሻዎች ተራ በተራ አያቸው። ዓይኑ ሞልቶ ነበር፤ አላበሰውም።

"ሁለቱም ውሸታሞች ናቸው ጌታዬ" አለ በመጨረሻ። "መሸሽ ጨርሶ አይችሉበትም። ለምኜ፣ አታልዬ ነው ያስሮጥኳቸው።"

"ታዲያ ይህን ቀድመህ አትናገርም ነበር?"

"ቃል ገብቼላቸው ነበር።"

ጄኔራሉ ጎንበስ ብለው የባሻ ኢስርን ብርድ ልብስ መልሰው አለበሱት። በግማሽ የተፈታውን የሻምበሉን ማዕረግም በገዛ እጃቸው አሰሩለት። ከዚያ ወደ ጂፓቸው ሄደው ብቻቸውን ተሳፈሩ።